በድስቴ የተቀቀሉት መቀሶች

የዚያን ቀን ግቢው ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ ብርቄ፣ ዕቃ አጣቢዋ። ልጄ ሰናይት፣ ገንዳው ላይ የምትሠራው። የወርክሾፑ ኃላፊ አቶ ጥላሁን። ቴክኒሻኑ ኢዮብ። ከሆስፒታል ዕቃ ይዘው የመጡት ሲስተር ሮማን። እሳቸውን በላንድሮቨር ያመጣቸው ጓድ መርዕድ። ሌላ ሰው አልነበረም። ዘበኛው ለቅሶ ሄዷል፤ የቀሩት ሠራተኞች ለሰልፍ ተወስደዋል። እኔንና ልጄን ያስቀሩን አስቸኳይ ሥራ አለ ተብሎ ነው።

ስማቸውን በሙሉ የጻፍኩት፣ ከእነዚህ መካከል አንዱ የት እንደ ደረሰ እስከ ዛሬ ስለማላውቅ ነው።

እኔ በዚያን ጊዜ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ የተማርኩ፣ ባሌ የሞተብኝ፣ የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ። ወንዱን ብሔራዊ ውትድርና ወስዶት ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። አጠገቤ የቀረችው ሰናይት ናት። ፈሪ እናት ነኝ። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ እሾሁን ፈርቼ ዓሣ አላበላኋቸውም። ሰናይት ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች በኋላ እንኳ፣ ዝናብ ጥሎ ከየካ ሚካኤል ቁልቁል ስንወርድ እጇን እይዛት ነበር። «እማዬ፣ ሰው ያየናል» እያለች ትስቅብኛለች።

ወርክሾፑ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባህር ዛፉ ከሚጀምርበት አጠገብ ነው። ሥራው ብረት እንዲያብረቀርቅና እንዳይዝግ ክሮም መንከር ነው። የመኪና መከላከያ፣ የአልጋ ራስጌ፣ የወንበር እግር ይመጣል። የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ አዲስ ዕቃ ከውጭ ማስመጣት ሲያቅት ደግሞ ሆስፒታሎች የቀዶ ጥገና መቀስና መቆንጠጫቸውን ይልኩልን ጀመር። ክሮሙ የተላጠበትን እንደገና ነክረን እንመልሳለን።

ገንዳው ውስጥ ያለው ፈሳሽ የጠቆረ ቀይ ነው። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት እሳት ሳይኖረው ይፈላል፤ ከላዩም ቢጫ ጉም ይነሣል። ያንን ጉም ጣሪያው ላይ የተሰቀለ ትልቅ ማራገቢያ እየሳበ ወደ ውጭ ያወጣዋል። የፈሳሹ ጠብታ እጅ ላይ ካረፈ ቆዳውን ይበሳል። ክብ ነው ቁስሉ፣ በምስማር የተወጋ ይመስላል፣ ለመዳንም ይከብዳል። እኛ «ክሮም በላኝ» እንለው ነበር። ጉሙ ደግሞ አፍንጫ ያደማል። የሰናይት አፍንጫ መድማት ሲያበዛ ጠበል ያድናታል ብዬ ክረምቱን ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት እንጦጦ ማርያም ይዣት ወጥቻለሁ።

ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ወተት ነው ይባል ነበር። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ብርጭቆ ወተት ይሰጣል። መርዙን ያጥባል ይባላል። ማንም አልተጠራጠረም። ሥራ ፈላጊዎች ራሳቸው «እዚያ ወተት አለ» እያሉ ነበር የሚመጡት። እኔ የራሴን አልጠጣውም፤ ለሰናይት እሰጣታለሁ። ሁለት ብርጭቆ ስትጠጣ እያየሁ ልቤ ያርፍ ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ላንድሮቨሩ ሲገባ የጣሪያው ማራገቢያ አይሠራም። ሞተሩ በዋዜማው ተቃጥሎ ኢዮብ ሽቦውን እንደገና ወደሚጠመጥመው ሰው ወስዶታል። ሲስተር ሮማን ሁለት ሳጥን መቀስና መቆንጠጫ አስወረዱ። ረዘም ያሉ፣ ዓይናቸው እንቅልፍ ያጣ ሴት ናቸው። ጓድ መርዕድ ካኪ ለብሷል፣ ሽጉጡን ከጎኑ ታጥቋል።

«ነገ ጠዋት ቁስለኛ ይገባል» አለ ለአቶ ጥላሁን። «ዕቃው ዛሬ ያልቃል።»

«ጓድ፣ ማራገቢያው ተበላሽቷል። ሰው ገንዳው ላይ ማቆም ያስቸግራል።»

«እኔ ስለ ማራገቢያ ጠየቅኩህ?»

አቶ ጥላሁን ላባቸውን ጠረጉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ወደ ሰናይት ዞር ብለው፣ «በይ ልጄ፣ ዛሬ ወተቱ እጥፍ ነው» አሏት። ራሳቸው ቀድተው ሰጧት። እኔም የእኔን ጨመርኩላት። እየሳቀች፣ «ዛሬስ ጥጃ አደረጋችሁኝ!» ብላ ጠጣችና አፏን በነጠላዋ ሸፍና ገባች። በሩ ተዘጋ። ጉሙ ወደ ግቢው እንዳይወጣ ነው የሚዘጋው።

እኔ ከውጭ፣ ከማጠቢያው ላይ ሆኜ ሳሏን መስማት ጀመርኩ። መጀመሪያ እንደ ሁልጊዜው ነበር። ቀጥሎ ሳሉ አልቆም አለ። ቀጥሎ ደግሞ ዝም አለ፤ ዝምታው ከሳሉ ይልቅ አስደነገጠኝ።

«አቶ ጥላሁን፣ በሩን ይክፈቱልኝ!»

«ትንሽ ነው የቀራት፣ ብርቄ። የመጀመሪያውን ዙር ታውጣ።»

ገፍቼያቸው ገባሁ። ዓይኔ ተቃጠለ፤ ምንም አላይም። እግሬ ሲነካት ነው ያገኘኋት። ከገንዳው ሥር ተቀምጣ አንገቷን በሁለት እጇ ይዛለች። እየጎተትኩ አወጣኋት። ከአፍንጫዋ ደም ይወርዳል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። አየር ለመሳብ ደረቷ ወደ ውስጥ ሲገባ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል። ትንፋሿ ያፏጫል። ወዲያው የጠጣችውን ወተት በሙሉ እግሬ ላይ አስመለሰችው።

ጓድ መርዕድ መጥቶ ከላይ አያት። «ሌላ ሰው ይግባ» አለ።

«እኔ እገባለሁ» አልኩ።

«አንቺ ዕቃውን ገንዳው ውስጥ ማንጠልጠል አታውቂም» አሉ አቶ ጥላሁን ቀስ ብለው።

«እንግዲያው ትንሽ ትረፍና እሷው ትመለሳለች» አለ መርዕድ።

«ጓድ፣ በፈጠረዎት! ልጄ እየሞተችብኝ ነው!»

«ሌላ ልጅ የለሽም?»

«አለኝ።»

«የት ነው?»

«ሰሜን ነው፣ ዘምቶ።»

«ታዲያ ይህ መቀስ ለማን ነው የሚሠራው? ለእኔ ነው?»

እውነቱን ነው። የአንዱ ልጄ ቁስል የሚሰፋው በሌላዋ ልጄ ትንፋሽ ይመስል፣ መሐል ቆሜ ቀረሁ።

ኢዮብ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ሞተሩ አልደረሰም፣ ባዶ እጁን ነው የመጣው። ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ቀጭን ልጅ ነበር፤ ሲቆጣ መነጽሩን ያወልቃል። ሰናይትን አየ፣ የተከፈተውን በር አየ። ማንንም ሳያናግር ገብቶ የገንዳውን ማብሪያ አጠፋው። ቁልፉንም ኪሱ ከተተ።

«ማን አጥፋ አለህ?» አለ መርዕድ።

«ማራገቢያ በሌለበት ይህንን ማብራት ሰው መግደል ነው።»

«ወተት ጠጥታለች እኮ» አሉ አቶ ጥላሁን፤ የሚለምኑ ይመስሉ ነበር።

«ጋሼ ጥላሁን፣ ወተቱ የገባው ሆዷ ነው፤ ጉሙ የገባው ሳንባዋ ነው። በየት ይገናኛሉ?»

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስንት ዓመት ወተቱን ስናመሰግን ኖረን፣ ይህን ያህል ቀላል ነገር ማናችንም አላሰብነውም።

ሲስተር ሮማን ጆሯቸውን የሰናይት ጀርባ ላይ አድርገው አዳመጡ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል። «ኦክስጅን ያስፈልጋታል። አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለባት» አሉ።

መንገዱ ለሰልፍ ተዘግቷል፣ ታክሲ የለም። ማለፍ የሚችል መኪና ያለው መርዕድ ብቻ ነው። «ላንድሮቨሩ ዕቃውን ጭኖ ነው የሚንቀሳቀሰው» አለ። «ባዶዬን ብመለስ የምታሰረው እኔ ነኝ።» እሱም ፈርቶ ነበር።

«በጀርባዬ አዝያት ልሂድ» አልኩ።

«እንደዚህ ሆና ብትናወጥ መንገድ ላይ ትቀርብዎታለች» አሉ ሲስተር።

መርዕድ እጁን ሽጉጡ ላይ አሳርፎ ወደ ኢዮብ ዞረ። «ቁልፉን አምጣ።»

«ክሮም አያስፈልጋቸውም» አለ ኢዮብ።

«ምን?»

«እነዚህ መቀሶች አብዛኞቹ ሲሠሩም የማይዝግ ብረት ናቸው። የተላጠውን ክሮም ፍቀን፣ አለስልሰን፣ ሞቅ ባለ የሎሚ አሲድ ብንዘፈዝፋቸው ብረቱ ራሱን ይጠብቃል። ጉም የለውም፣ የሚያፍን ነገር የለውም። ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ ጋሼ ጥላሁን ያውቃሉ።»

አቶ ጥላሁን አንገታቸውን ደፉ። «አውቃለሁ፤ ግን ግምጃ ቤቱ አይረከበንም። ጥርሱን ካላየበት ይመልሰዋል።»

ይህ እውነት ነው። ዕቃ የሚረከበው ሰው እያንዳንዱን መቀስ ፊቱ ላይ አድርጎ ጥርሱን ያገጣል። ጥርሱ እንደ መስታወት ከታየው ይቀበላል፣ ካልታየው ይጥለዋል። ሥራችን ሁሉ የሚለካው በዚያ ሰውዬ ጥርስ ነበር።

ሲስተር ሮማን ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ መራራ ሳቅ ነበር። «የእሱ ጥርስ የሚታይበት መቀስ የኦፕራሲዮን ክፍሉን መብራት መልሶ ዓይናችን ላይ ይተፋዋል። ባለፈው ደግሞ ከአንድ ወጣት ሆድ ውስጥ የተላጠ ክሮም በመቆንጠጫ ስንለቅም አመሸን። ለእኔ አይዛግብኝ እንጂ አያብራልኝ።»

መርዕድ እሳቸውን አየ፣ ኢዮብን አየ። «ብትዋሽስ?»

«ቀቅለን እናያለን» አለ ኢዮብ። «በንጹሕ ውሃ ተቀቅለው፣ ውሃው ውስጥ ቀዝቅዘው ካልዛጉ አይዝጉም። ከዛጉ ቁልፉ ይኸው።»

«ከዛጉ ልጅቷ ትገባለች፣ አንተ ደግሞ ከእኔ ጋር ትሄዳለህ። አሻጥር ነው የሠራኸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሥራው ማለቅ አለበት።»

የልጄ ነፍስ እንዲህ ሆና ድስት ውስጥ ገባች።

ኢዮብ መጀመሪያ ዕቃዎቹን ለየ። ከእያንዳንዱ ላይ ክሮሙን ትንሽ ይፍቅና ሰማያዊ የመዳብ ውሃ ጠብ ያደርግበታል። ተራ ብረት ከሆነ ጠብታው ያረፈበት ይቀላል። የማይዝግ ከሆነ እንዳለ ይቀራል። የቀሉት ጥቂት ነበሩ። ሲስተር ሮማን «ያለ እነሱ እንሠራለን» ብለው ወደ ጎን አደረጓቸው። አቶ ጥላሁን ኮታቸውን አውልቀው ማለስለሻው መኪና ላይ ተቀመጡ። ከስንት ዓመት በኋላ ነው እጃቸው ሥራ የነካው። ኢዮብ ከቆርቆሮ ውስጥ ነጩን የሎሚ አሲድ አውጥቶ በሙቅ ውሃ አሟሟ። ከረሜላ ፋብሪካ የሚጠቀምበት ዓይነት ነው፤ ለሙከራ ብሎ ያስቀመጠው። ጣቴን ነከር አድርጌ አየሁት፣ አላቃጠለኝም። ያን ጊዜ ትንሽ አመንኩት።

የለሰለሱት ዕቃዎች እዚያ ተዘፍዝፈው ከወጡ በኋላ መቀቀሉ የእኔ ድርሻ ሆነ። ምሳ የምናበስልበትን የእናሜል ድስት አጥቤ፣ ለባትሪ የሚሆነውን የተጣራ ውሃ ሞልቼ፣ የባህር ዛፍ ጭራሮ አነደድኩ። ሰናይትን በነፋሱ በኩል አረፍ አድርገናታል። ድስቱን አያለሁ፣ ሮጬ እሷን አያለሁ፤ ተመልሼ እሳቱን እቆሰቁሳለሁ። ሲስተር ሮማን ጀርባዋን ደግፈው እንድትቀመጥ አድርገዋታል። ትንፋሿ አሁንም ያፏጫል። ፉጨቱ ሲቀንስ ተሻላት ብዬ ነበር፤ ሲስተር ግን ሲቀንስ ይበልጥ ደነገጡ።

«እማዬ» አለች አንድ ጊዜ።

«አቤት የኔ ልጅ።»

«ወተቱን... ጫማሽ ላይ...»

«ተይው፣ አታውሪ! ጫማው ይታጠባል!»

ኢዮብ መጥቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «እትዬ ብርቄ፣ አያማስሉት፤ ሽሮ አይደለም» አለኝ። ሳላውቀው መቀሶቹን በማማሰያ እያዞርኩ ነበር። ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው። እኔ ግን አለቀስኩ።

«ይዝጋል እንዴ፣ ኢዮብ? እውነቱን ንገረኝ።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «በትምህርት ቤት አልዛገም። እዚህ ሠርቼው አላውቅም» አለ። ሊዋሸኝ ይችል ነበር፤ አልዋሸኝም።

ከፈላ በኋላ ማቀዝቀዝ አለ። ውሃው ውስጥ እንዳሉ ቀስ ብለው ይቀዝቅዙ አለ። መርዕድ ሲጋራውን እየለኮሰ ፀሐይዋን ያያል። እኔ ድስቱ ላይ እፍ እፍ እላለሁ፤ እፍ ብዬ የማቀዘቅዘው ይመስል። ስንት ዓመት ምግብ ስቀቅል አንድ ቀን እንኳ ድስት እንዲህ አልፈራሁም። የኢዮብ ዓይን ድስቱ ላይ ነው፣ የእኔ ዓይን የልጄ ከንፈር ላይ ነው። ከንፈሯ ከጥቁረት ወደ አመድነት ሄደ።

በመጨረሻ ሲስተር ሮማን ነጭ ጨርቅ መሬት ላይ ዘረጉ። አንድ በአንድ አወጣናቸው። መቀስ፣ ንጹሕ። መቆንጠጫ፣ ንጹሕ። መስታወት አይደሉም፤ እንደ ደመና ቀን ሰማይ ፈዘዝ ያሉ ናቸው። ግን ንጹሕ። ሌላ መቀስ፣ ንጹሕ። አቶ ጥላሁን ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለዩ መሰለኝ።

አንዱ ትልቅ መቀስ ላይ ግን ቡናማ ነጥብ ነበረበት።

መርዕድ ሲጋራውን ጣለ። «ይኸው!» አለ። «ይኸው ዛገ! ልጅቷን አስነሷት!»

ኢዮብ ፊቱ ነጣ። እኔ ግን የዚያን ነጥብ ቅርጽ አየሁት፤ የማውቀው ቅርጽ ነው። ድስቴ ከታች በኩል እናሜሉ የተላጠበት ቦታ አለው፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል። ውሃ ካደረበት እዚያች ላይ ይዝጋል። እየጮህኩ ድስቱን ደፋሁት።

«የድስቱ ነው! የድስቱ ዝገት ነው! እዩት! ስለ እግዜር ብላችሁ እዩት!»

ሲስተር ሮማን መቀሱን አንሥተው በጨርቁ ጫፍ ጠረጉት። ነጥቡ ጨርቁ ላይ ቀረ። መቀሱን ወደ ብርሃኑ አዙረው በጥፍራቸው ፈተሹት። ለስላሳ ነው፤ የተበላ ነገር የለውም። ጨርቁን ለመርዕድ አሳዩትና ዕቃዎቹን ወደ ሳጥኑ መመለስ ጀመሩ።

«እህት፣ እኔ አልፈቀድኩም» አለ።

«በእነዚህ የሚሠሩት የእኔ ሰዎች ናቸው። ተረክቤያለሁ። ግምጃ ቤቱ ጥርሱን ማየት ከፈለገ መስታወት እገዛለታለሁ። አሁን ይህችን ልጅ አንሡልኝ።»

መርዕድ ጨርቁን ደጋግሞ አየ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። ሰናይትን ጭኔ ላይ አስተኛናት። ኢዮብን ግን በክንዱ ያዘው። «አንተም ግባ። ያጠፋኸውን ማብሪያ ለሌሎች ታስረዳለህ።»

«መቀሱ አልዛገም እኮ!» አልኩ።

«ትእዛዝ የጣሰው ግን ዓይናችን እያየ ነው።»

ኢዮብ የገንዳውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለአቶ ጥላሁን ሰጣቸው። «ጋሼ፣ ሞተሩ ሳይመጣ እንዳያበሩት» አላቸው። ከዚያ ከኋላ፣ ሳጥኖቹ መካከል ገብቶ ተቀመጠ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ሰናይት እንዳትናወጥ እግሯን ደግፎ ይዞ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ እሷን በቃሬዛ ሲያወርዷት እኔም ተከትዬ ወረድኩ። ዞር ብዬ አላመሰገንኩትም፤ ልቤ ከልጄ ጋር ነበር። እሱ ነው የጠራኝ።

«እትዬ ብርቄ! ድስቱን ይቀይሩት፤ ሊያስገድለኝ ነበር» አለና ሳቀ።

ሳጥኖቹ ከወረዱ በኋላ መኪናው ኢዮብን እንደያዘ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ሰናይት ብዙ ቀን ኦክስጅን ላይ ቆይታ ዳነች። ሙሉ ጤና ግን አይደለም። የእንጦጦን ዳገት እንደ ድሮው አትወጣውም፤ ብርድ ሲመጣ ፉጨቱ ይመለስባታል። ወንድሟ ደርግ ሲወድቅ በእግሩ ገባ። እኔ ወደ ወርክሾፑ የተመለስኩት ዕቃዬን ልወስድ ብቻ ነው። አቶ ጥላሁን ማራገቢያውን አስጠግነው ነበር፤ የሆስፒታል ዕቃ ግን ገንዳ ውስጥ መንከር ማቆማቸውን፣ በሎሚ አሲዱ እንደሚሠሩት፣ ሲስተር ሮማንም ሌላ እንደማይቀበሏቸው ነገሩኝ። ስለ ኢዮብ ስጠይቃቸው፣ ጠይቀው ጠይቀው «ሁለተኛ እንዳትመጣ» እንደተባሉ ነግረውኝ ፊታቸውን አዞሩ። እኔም በየእስር ቤቱ በር ስንቅ ቋጥሬ ቆሜያለሁ። የአባቱን ስም ባለማወቄ «የማን ልጅ ኢዮብ?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም።

ይህን የምታነቡ እናቶች፣ ከዚያ ቀን በኋላ በእኔ የተለወጠው ይህ ነው። የማብረቅረቅ ነገር አያታልለኝም። መፍራቴን አልተውኩም፤ ግን የምፈራውን ነገር መጠየቅ ተማርኩ። ልጃችሁ ሥራ አግኝቶ «ወተት ይሰጡናል» ብሎ ሲመጣ ደስ አይበላችሁ፤ ወተቱ ስለ ምን እንደሚሰጥ ጠይቁት። ጉሙ በየት በኩል እንደሚወጣ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። «ያለዚህ አይሠራም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሠራበት ሌላ መንገድ ይኖር ይሆናል፤ አንድ ሰው ተናግሮት፣ የሚሰማው አጥቶ በቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጠ።

ድስቱን አልቀየርኩትም። የተላጠችው ቦታ ሰፍታለች፤ ምግብ አልሠራበትም፤ አስቀምጬዋለሁ።

ኢዮብ ይባላል። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት አይሞላውም ነበር። ቀጭን ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ ሲቆጣ መነጽሩን ያወልቃል። ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው የክሮም ወርክሾፕ ቴክኒሻን ነበር። አብሮት የታሰረ፣ ከታሰረም በኋላ ያየው፣ ወይም ስለ እሱ የሰማ ሰው ካለ፣ በሕይወት ይኑር አይኑር፣ እባካችሁ ንገሩኝ።